የባሮክ ዘመን ኦርጋን፦ ማን ከፈለ፣ ማን ተጫወተ፣ ማን ሰማ

እኛ ዘንድ «ኦርጋን» ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው በሠርግ አዳራሽ ጥግ ላይ የተዘረጋው፣ ገመዱ ሶኬት ውስጥ የተሰካው ኪቦርድ ነው። ስሙን የወረሰው ከትልቁ ዘመዱ ነው፤ ትልቁ ዘመድ ግን በታክሲ ጭነውት የሚዞሩት ዕቃ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ሃምቡርግ ከተማ፣ በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን የቆመው ኦርጋን ወደ 4000 የሚጠጉ ቧንቧዎች አሉት። የትልቁ ቧንቧ ቁመት ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፤ ትንሹ ከእርሳስ ያጥራል። ተሠርቶ ያለቀው በ1693 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ከ1600 እስከ 1750 አካባቢ ያለውን ጊዜ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች የባሮክ ዘመን ይሉታል። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የወጣው ገንዘብ ያስገርማል። «ሃይማኖተኞች ስለ ነበሩ ነው» የሚለው መልስ ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። ኦርጋኑ የቆመው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይሁን እንጂ፣ በብዙ ቦታ የከፈለው ከተማው ነው፤ የኮራበትም ከተማው ነው። አቀናባሪዎቹን ለመረዳትም ደመወዛቸውን ማን ይከፍል እንደ ነበር ማወቅ ከምንም በላይ ይረዳል።

ከዚያ በፊት ግን አሠራሩን እንይ። ዋሽንትና የቀጥቃጭ ወናፍ የሚያውቅ ሰው ኦርጋንን ለመረዳት አይቸገርም። ዋሽንት አንድ ቧንቧ ሆኖ ብዙ ድምፅ የሚያወጣው ቀዳዳዎቹን በጣት እየከፈትንና እየዘጋን ነው። የኦርጋን ቧንቧ ግን ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ቧንቧ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያሰማው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ቧንቧ ያስፈልገዋል። በዚህ አያበቃም። ለስላሳ ድምፅ ሲፈለግ አንድ ረድፍ ቧንቧ፣ ደማቅ ሲፈለግ ሌላ ረድፍ፣ መለከት የሚመስል ሲፈለግ ሌላ ረድፍ ይደረደራል። አንዳንዱ ረድፍ እንደ ዋሽንት አየሩ ከንፈሩ ላይ ሲሰነጠቅ ይጮኻል፤ ሌላው ውስጡ የምትርገበገብ ቀጭን የናስ ምላስ አለችው። የያዕቆብ ቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን 60 ረድፎች አሉት። ተጫዋቹ በግራና በቀኙ ያሉትን እጀታዎች እየሳበ ወይም እየገፋ የትኛው ረድፍ እንደሚናገር፣ የትኛው ዝም እንደሚል ይወስናል። ቁልፎቹም አንድ ጠረጴዛ ላይ አይበቃቸውም፤ አራት ደረጃ ሆነው አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረዋል። ከእግር ሥር ደግሞ በጫማ የሚረገጡ ረጃጅም የእንጨት ቁልፎች አሉ።

አየሩን የሚሰጠው ወናፍ ነው፤ ወናፉን የሚነፋው ደግሞ ሰው። የኤሌክትሪክ ሞተር እስኪመጣ ድረስ ከኦርጋኑ ጀርባ ወናፍ ረጋጮች ይቆሙ ነበር፤ እነሱ ከደከሙ ዜማው ይደክማል። ስማቸው በኮንሰርት ወረቀት ላይ አይወጣም፤ በቤተ ክርስቲያን የሒሳብ መዝገብ ላይ ግን እንደ ተከፋይ ይገኛሉ። ኦርጋኒስቱ ልምምድ ባሰኘው ቁጥር እነሱን መጥራት ስላለበት፣ በክረምት ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ በረዶ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ የእግር ቁልፍ በተገጠመለት ትንሽ ባለ ክር መሣሪያ ይለማመዱ ነበር።

ኦርጋንን ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ጠባይ አለ። የክራርም ሆነ የበገና ክር አንዴ ከተመታ በኋላ ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል። የኦርጋን ድምፅ ጣት እስኪነሳ ድረስ እንደ ጀመረ ይቀጥላል፤ ትንፋሽ አያጥረውም። ድምፅ ማጉያ ባልነበረበት ዘመን አንድ ሰው ብቻውን ሺህ ሰው የሚይዝ የድንጋይ አዳራሽ በድምፅ መሙላት የሚችለው በዚህ መሣሪያ ብቻ ነበር። በሰሜን ጀርመኗ የሉቤክ ከተማ የሚኖር አንድ ሸማኔ በሕይወቱ የሚሰማው ከሁሉ የገዘፈ ሰው ሠራሽ ድምፅ፣ መድፍና ደወልን ትተን፣ ይኸው ነበር ማለት ይቻላል።

በነገራችን ላይ ኦርጋን ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። በ1520 ወደ ዓፄ ልብነ ድንግል የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ካመጧቸው ስጦታዎች መካከል ኦርጋን ነበረ፤ የሚጫወትም ሰው አብሮ መጥቷል። አብሯቸው የተጓዘው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጉዞ መጽሐፉ መዝግቦታል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የረጋ ዜማ ስለ ነበራት ኦርጋኑ ሥር አልሰደደም።

ወደ አውሮፓ እንመለስ፤ ከአምስተርዳም እንጀምር። እዚያ የካልቪን ተከታዮች (ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች) በ1578 ከተማዋን ሲይዙ በአምልኮ ሰዓት ኦርጋን መጫወትን አልፈቀዱም። ይህ የኦርጋን ሞት ይመስላል፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ኦርጋኖቹ የከተማው ንብረት፣ ኦርጋኒስቱም የከተማው ደመወዝተኛ ስለ ነበሩ፣ ምክር ቤቱ ከአምልኮ ውጭ ለሕዝቡ እንዲጫወት አደረገ። የአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኒስት ያን ፒተርስዞን ስዌሊንክ (1562–1621) ሥራው ይኸው ነበር፦ ሰው መጥቶ እንዲሰማ መጫወት። ከስብከት የተለየ፣ ለመስማት ብቻ የሚሰማ የኦርጋን ሙዚቃ ያበበው ሰባኪዎቹ በከለከሉበት ከተማ መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ስዌሊንክ ዝናው ስለ ተሰማ የሰሜን ጀርመን ከተሞች ጎበዝ ወጣቶችን እየላኩ አስተማሩ። ሳሙኤል ሻይት፣ ሃይንሪኽ ሻይደማን፣ ያኮብ ፕሬቶሪየስ ከእሱ ዘንድ የተማሩ ናቸው። ተማሪዎቹ ሃምቡርግ ተመልሰው ትልልቆቹን ቤተ ክርስቲያናት ስለያዙ «ኦርጋኒስት አውጪው» የሚል ስም ወጣለት። የቅኔ መምህራንን ሐረግ እየቆጠረ «እገሌ ከእገሌ፣ እገሌም ከእገሌ ተቀኘ» የሚል የአብነት ትምህርት ቤት ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። የባሮክ ኦርጋን ታሪክም የመምህርና የደቀ መዝሙር ሐረግ ነው።

የቅኔው ንጽጽር ከዚህም ይጠልቃል። የዚያ ዘመን ኦርጋኒስት የተጻፈ ሙዚቃ አንባቢ ብቻ አልነበረም። ለሥራ ሲፈተን አንድ የዜማ ሐረግ ይሰጠውና እዚያው፣ ያለ ወረቀት፣ ሙሉ ድርሰት እንዲያወጣለት ይጠየቅ ነበር። ቅኔ እንደ መዝረፍ ያለ ነገር ነው፦ ሕጉ የታወቀ፣ ፍጥረቱ ግን የዚያች ሰዓት። ከዚህ የሚከተለው ነገር ያስቆጫል፤ ያ ሕዝብ ከሰማው ሙዚቃ አብዛኛው ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ጠፍቷል። ዛሬ በእጃችን ያለው ለማስተማሪያ፣ ለመታሰቢያ ወይም ለሕትመት የተጻፈው ቅሪት ነው።

ከድርሰት ዓይነቶቹ ሁሉ በተደጋጋሚ የሚሰማው ስም ፉጋ ነው። ፉጋ የሚጀምረው በአንድ አጭር ዜማ፣ ብቻውን ነው። ዜማው ሲያልቅ ሁለተኛ ድምፅ ያንኑ ዜማ ከሌላ ከፍታ ይቀበለዋል፤ የመጀመሪያው ግን ዝም አይልም፣ ሌላ ነገር እያወራ ይቀጥላል። ከዚያ ሦስተኛው፣ አንዳንዴም አራተኛው ይገባል። ሁሉም በአንድ ጊዜ የየራሳቸውን ይናገራሉ፤ ሆኖም አይጋጩም። ከአንድ ሰው ሁለት እጅና ሁለት እግር ይህ ሁሉ መውጣቱን ያየ ሰው ጨዋታውን ለማየት ብቻ እንኳ ይመጣ ነበር ቢባል አልጠራጠርም። ቶካታ ደግሞ ስሙ ከ«መንካት» የመጣ ነው፤ ነፃ፣ የሚሮጥ፣ ጣት የሚያሳይ። ሰሜን ጀርመኖች ሁለቱን እያፈራረቁ በአንድ ድርሰት ውስጥ ማጣመር ይወዱ ነበር።

ሦስተኛው ዓይነት ለሕዝቡ ይበልጥ ቅርብ ነው። በሉተራውያን ዘንድ ምእመኑ ሁሉ በራሱ ቋንቋ መዝሙር ይዘምራል፤ ዜማዎቹንም ከሕፃንነቱ ያውቃል። ኦርጋኒስቱ ከመዝሙሩ በፊት ያንኑ ዜማ እያስጌጠ፣ አንዳንዴ በእግር ቁልፍ ውስጥ እየደበቀ ያስተዋውቃል። አድማጩ የሚያውቀውን ዜማ በማያውቀው ልብስ ውስጥ ይፈልጋል። የኦርጋን ሙዚቃ ለተራው ሰው ባዕድ ያልሆነው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን ሉቤክ። ይህች የባልቲክ ባሕር ወደብ የነጋዴ ከተማ ናት፤ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያኗም የነጋዴዎቹ ነበር። እንደሚተረከው ነጋዴዎቹ ወደ ገበያቸው ከመግባታቸው በፊት እዚያ ይሰበሰቡ ነበርና ኦርጋኒስቱ ፍራንዝ ቱንደር ጥቂት ይጫወትላቸው ጀመር። በ1668 ቦታውን የወረሰው ዲትሪክ ቡክስተሁደ የቱንደርን ልጅ አገባ፤ ልማዱንም አሰፋው። ከልደት በፊት ባሉት ሳምንታት በአምስት እሑዶች መዘምራንና ባለ መሣሪያዎች የሚሳተፉበት «የምሽት ሙዚቃ» ያዘጋጅ ነበር። መግቢያው ነፃ ነው፤ ወጪውን ነጋዴዎቹ ይሸፍኑታል። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሳ ሥርዓት የሚያስከብሩ ጠባቂዎች ይቆሙ ነበር።

በጥቅምት 1705 አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ኦርጋኒስት ከሚሠራባት ከአርንሽታት ከተማ ተነሥቶ ወደ ሉቤክ ሄደ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእግሩ እንደ ሄደ ሲሞት የተጻፈው የሕይወት ታሪኩ ይናገራል። አኩፋዳ አንግቶ መምህር ፍለጋ አገር የሚያቋርጥ የቆሎ ተማሪ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ታሪክ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ወጣቱ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ነበር። የአራት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ የተመለሰው ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ ነው። አለቆቹ የት እንደ ከረመ ሲጠይቁት «ስለ ሙያዬ አንዳንድ ነገር ለመረዳት» ብሎ መለሰ። የተጠየቀው በዚህ ብቻ አይደለም። መዝሙር ሲያጅብ እንግዳ ድምፆች እየጨመረ ምእመኑን ግራ አጋብቷል ተባለ። በፊት መግቢያውን ያስረዝም ነበር፤ አሳጥር ሲባል ደግሞ እጅግ አሳጠረው ተብሎም ተከሰሰ። የቃለ ጉባኤው መዝገብ ዛሬም አለ፤ የሙዚቃ ታሪክ ካቆያቸው የሥራ ቦታ ቅሬታዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ባኽ ሉቤክ ሲደርስ ቡክስተሁደ ወደ ሰባ ዓመቱ እየተጠጋ፣ ተተኪም እየፈለገ ነበር። ተተኪ መሆን የሚሻ ግን የቡክስተሁደን የመጀመሪያ ሴት ልጅ እንዲያገባ ይጠበቅበታል። ይህን ሰምቶ መሳቅ ቀላል ነው፤ ጡረታ በሌለበት ዓለም ግን አንድ ኦርጋኒስት ሲሞት ቤተሰቡ መንገድ ላይ እንዳይወድቅ የሚደረግ ዋስትና ነበር። ቡክስተሁደ ራሱም በዚሁ መንገድ ነው የገባው። በ1703 ወጣቶቹ ሙዚቀኞች ሄንደልና ጓደኛው ማቴዞን ቦታውን ለማየት መጥተው ነበር፤ የጋብቻው ነገር ሲነሳ ወደ ሃምቡርግ ተመለሱ። ባኽም ሳያገባ ሄደ። በመጨረሻ በ1707 ዮሐን ክርስቲያን ሺፈርደከር ሥራውንም ልጅቱንም ወሰደ።

ገንዘቡ በሌላም በር ይገባ ነበር። በ1720 ባኽ በሃምቡርግ ያን በ1693 የተሠራ ትልቅ ኦርጋን ለሚጫወት ሰው ቦታ መከፈቱን ሰምቶ መጣ። በከተማዋ በሌላ ቤተ ክርስቲያን፣ በዕድሜ የገፋው አንጋፋ ዮሐን አዳም ራይንከን በተገኘበት ተጫወተ። «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ» በሚለው መዝሙር ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ያለ ወረቀት ሲፈጥር የሰማው ሽማግሌ «ይህ ጥበብ የሞተ መስሎኝ ነበር፤ በአንተ ግን በሕይወት እንዳለ አየሁ» አለው። ቦታውን ያገኘው ግን 4000 ማርክ ለቤተ ክርስቲያኑ የከፈለው ዮሐን ዮአኪም ሃይትማን ነው። የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ኤርድማን ኖይማይስተር በልደት በዓል ስብከቱ ላይ በነገር ወጋቸው፦ ከቤተ ልሔም መላእክት አንዱ ከሰማይ ወርዶ መለኮታዊ በሆነ መንገድ ቢጫወትና እዚህ ኦርጋኒስት መሆን ቢፈልግ፣ ገንዘብ ከሌለው ተመልሶ መብረር ብቻ ነው የሚቀረው። ይህን የዘገበው ማቴዞን ነው።

ያን ኦርጋን የሠራው አርፕ ሽኒትገር (1648–1719) የዘመኑ ታላቅ ኦርጋን ሠሪ ነበር። አዲስ የሠራቸውና ያደሳቸው ሲደመሩ ከመቶ ስድሳ ይበልጣሉ፤ ሥራው ከጀርመን አልፎ ኔዘርላንድና ፖርቱጋል ደርሷል። በሃምቡርግ ለቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን በ1687 የጨረሰው 67 ረድፎች ነበሩት፤ በ1842 የከተማዋ ቃጠሎ ወደመ። የሉቤክ ማርያምም በመጋቢት 1942 ሌሊት በአየር ድብደባ ከነኦርጋኖቿ ነደደች። የያዕቆቡ የተረፈው ቧንቧዎቹ በጦርነቱ ጊዜ ቀድመው ወርደው በመሸሸጋቸው ነው፤ ከፊት ለፊት የሚታዩት ግን ቀደም ብሎ በ1917 ለጦር መሣሪያ ብረት ተወስደው ነበር። ሽኒትገርን ከአቀናባሪዎቹ ጎን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ቡክስተሁደ ለእግር የጻፈው ሙዚቃ እንዲያ የደፈረው የሰሜኑ ኦርጋን ሠሪዎች የእግር ቁልፉን ባለ ግዙፍ ቧንቧ ስላደረጉት ነው።

ይህን ለማየት ወደ ሌሎቹ አገሮች አንገትን ማዞር ይበቃል። ሮማ ውስጥ ከ1608 ጀምሮ የቅዱስ ጴጥሮስ ኦርጋኒስት የነበረው ጂሮላሞ ፍሬስኮባልዲ የጣሊያን ኦርጋን የእግር ቁልፍ እምብዛም ስላልነበረው ጥበቡን ሁሉ በእጅ ላይ አፈሰሰ። በ1635 ያሳተመው የቅዳሴ ሙዚቃ መጽሐፉን ባኽ ይዞት ነበር። በፓሪስ ኦርጋኑና መዘምራኑ የቅዳሴውን አንቀጾች ይከፋፈሉ ነበር፤ በማኅሌት ግራና ቀኝ ቆመው እንደሚቀባበሉት ሊቃውንት፣ አንዱ ወገን ግን ሰው ሳይሆን ቧንቧ ነው። ስለዚህ የፈረንሳዮቹ ድርሰቶች አጫጭርና ለጆሮ ጣፋጭ ናቸው፤ ርዕሳቸውም ብዙ ጊዜ የትኞቹን ረድፎች መሳብ እንደሚገባ ይናገራል። ፍራንሷ ኩፐራን ሁለት የኦርጋን ቅዳሴዎቹን በ1690 ሲያወጣ ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር። በ31 ዓመቱ የሞተው ኒኮላ ደ ግሪኚ አንድ መጽሐፍ ብቻ ትቶ አለፈ፤ ያንንም ባኽ በእጁ ገልብጦታል። በእንግሊዝ ደግሞ ፓርላማው በ1644 ከቤተ ክርስቲያን ኦርጋን እንዲነሳ አዘዘ፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ንጉሣዊው አገዛዝ ሲመለስ ኦርጋኑም ተመለሰ። የሉቤክን ጋብቻ የሸሸው ሄንደል ለንደን ውስጥ ኦርጋንን ቴያትር ቤት አስገባው። በረጃጅም የመዝሙር ድራማዎቹ ክፍሎች መካከል ራሱ ተቀምጦ ከኦርኬስትራ ጋር ይጫወት ነበር። እዚያ ከፋዩ ምክር ቤትም ነጋዴም አይደለም፤ ትኬት የገዛው ተመልካች ነው።

ባኽ ከእነዚህ ሁሉ ወሰደ። ወላጆቹ ሲሞቱ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ የኦርጋኒስቱ የዮሐን ፓኸልበል ተማሪ ነው። በ2006 ቫይማር ውስጥ ገና ልጅ ሳለ የገለበጣቸው የቡክስተሁደና የራይንከን ድርሰቶች መገኘታቸው ይፋ ሆነ። ግን ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ነገር አለ። ባኽ በዘመኑ የታወቀው በአቀናባሪነቱ ሳይሆን በተጫዋችነቱና በኦርጋን መርማሪነቱ ነበር። አዲስ ኦርጋን የሠራ ከተማ ይጠራዋል። እሱም አስቀድሞ ረድፎቹን ሁሉ ስቦ በሙሉ ኃይል ይጫወታል፤ ሳንባው ደህና መሆኑን ልወቅ እያለ ይቀልድ ነበር። ከኦርጋን ድርሰቶቹ በሕይወት ሳለ የታተሙት ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት በተማሪዎች ግልባጭ ነው የደረሱን። በፊልም ላይ ጭራቅ ሲመጣ የሚሰማው ዝነኛ ቶካታና ፉጋ እንኳ በእርግጥ የእሱ መሆኑን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ።

በ1750 ሲሞት ሙያው እየተዳከመ ነበር። ጆሮ ቀለል ያለ ዜማ፣ እየጎላና እየቀነሰ የሚሄድ ድምፅ መሻት ጀመረ፤ ኦርጋን በጣት ክብደት ድምፁ አይለወጥም፣ አዲሱ ፒያኖ ግን ይለወጣል። ሀብታሙ ነጋዴም ገንዘቡን ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ወሰደው። ሞዛርት በ1777 ለአባቱ ሲጽፍ ኦርጋን በዓይኔም በጆሮዬም የመሣሪያዎች ንጉሥ ነው ብሏል፤ ያም ሆኖ ለንጉሡ የጻፈለት ጥቂት ነው። በ1840 አቀናባሪው ሜንደልስዞን በላይፕሲግ የቶማስ ቤተ ክርስቲያን የባኽን ሥራዎች ብቻ በኦርጋን ተጫውቶ ለባኽ ሐውልት ማቆሚያ ገንዘብ ሲሰበስብ፣ ለብዙው አድማጭ እንደ አዲስ ነገር ነበር።

ከየት ልጀምር ለሚል አንድ ድርሰት ብቻ እጠቁማለሁ፤ የባኽን ፓሳካልያ በሲ ማይነር (C minor)። የዜማው የመጀመሪያ አጋማሽ ፈረንሳዊው አንድሬ ረዞን በ1688 ካሳተመው የኦርጋን መጽሐፍ ጋር አንድ ነው፤ አንድን የባስ ዜማ እየደጋገሙ በላዩ የመገንባቱን ጥበብ ደግሞ ቡክስተሁደ አሳይቷል። ዜማው ሃያ ጊዜ እየተለዋወጠ ይመጣና መጨረሻ ላይ ፉጋ ይሆናል። ተጫዋቹን በቪዲዮ እያዩ ቢሰሙት ይሻላል። ዜማው መጀመሪያ ብቻውን ሲሰማ እጆቹ ጭኑ ላይ ያርፋሉ፤ የሚሠሩት እግሮቹ ብቻ ናቸው።